የተጨመረችው ወር

 

በአገራችን ልጁን ሊድር ያሰበ አባት ጌሾና ብቅል ከማዘጋጀቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል። «የኔታ፣ ነነዌ ዘንድሮ መቼ ይገባል?» ይላል፤ የሦስት ቀኑ የነነዌ ጾም ከገባ በሁለት ሳምንት ሁዳዴ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ይከተላልና። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለችው ጊዜ የሠርግ ጊዜ ናት። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ በሬው አርፏል፣ ዘመድ ከሩቅ ቢመጣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሁዳዴ ከገባ ግን ድንኳን አይተከልም። ታዲያ ይህች ጊዜ በየዓመቱ እኩል አይደለችም። በ2018 ዓ.ም. ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መግቢያ 28 ቀን ነው፤ በ2019 ዓ.ም. 48 ቀን ይሆናል። ሙሽራውንም ሙሽሪትንም ሳይጠይቅ 20 ቀን የጨመረላቸው ማን ነው?

የኔታ ይህን ያውቁታል። ጋይንት የሊቃውንት አገር ነው፤ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት ለማስመስከር ዙር አባ ይኬዳል። ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ሲመጣባቸው የኖሩ ቦታዎች ናቸው። ዜማውን የሚያስተምር መምህር ደግሞ ዘመኑን መቁጠር ግዴታው ነው፤ የትኛው ቀለም በየትኛው እሑድ እንደሚባል የሚያውቀው በባሕረ ሐሳብ፣ በበዓላትና በአጽዋማት ማውጫው ስሌት፣ ነውና።

እስቲ እርሳስ ያላችሁ ያዙ፣ የሌላችሁም በጣታችሁ ተከተሉኝ፤ የ2019ን እንሥራ። ከክርስቶስ በፊት በሚቆጠረው 5500 ላይ 2019 ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 14 ይተርፋል፤ አንድ አትተን 13 ወንበር እንላለን። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 7 ነው። መጥቅዑ 7 ሆነ ማለት ነው። አሁን ሕጉን አስታውሱ፤ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ፣ ማለት ነነዌን የምናወጣበት መነሻ ቀን፣ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 7 ያንሳልና በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 8 ነው። 7 እና 8 ሲደመሩ 15። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል። ከዚያ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 29፣ ሁዳዴ ይያዛል። ፋሲካ ሚያዝያ 24።

የቀደመውን የ2018ን መጥቅዕ ብትሠሩት ደግሞ 18 ታገኛላችሁ፤ በዓለ መጥቅዑ መስከረም 18 እሑድ ነው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጨረቃ 12 ጊዜ ተወልዳ ስትጨርስ 354 ቀን ይሆናታል፤ ፀሐይ ግን ዓመቷን የምትሞላው በ365 ቀን ከሩብ ነው። ጨረቃ በ11 ቀን ትቀድማለች ማለት ነው። ስለዚህ በጨረቃ የሚቆጠር በዓል በየዓመቱ 11 ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ከመስከረም 18 ላይ 11 ስናነሣ መስከረም 7 ነው የሚመጣው። ባሕረ ሐሳቡ ግን ጥቅምት 7 አለን። ከመስከረም 7 እስከ ጥቅምት 7 ድፍን 30 ቀን ነው። የተጨመረችው ወር ይህች ናት፤ ስም የላትም፣ በግድግዳ መቁጠሪያ ላይ አትታይም። ወንበሩን ከ0 እስከ 18 ጽፎ መጥቅዑን ያወጣ ተማሪ ይህ ዝላይ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ እንደሚመጣ ያገኘዋል። በጳጉሜን አታምታቷት። ጳጉሜን የፀሐይ ትርፍ ናት፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን። ይህች የጨረቃ ማካካሻ ናት።

ይህንኑ ወር በግልጽ ስም ሰጥተው፣ ቆጥረው የሚኖሩበት ደግሞ አይሁድ ናቸው። ሙስሊም ወንድሞቻችን ጨረቃዋን ብቻ ስለሚከተሉ ረመዳን በክረምትም በበጋም ይመጣል። ለአይሁድ ግን ኦሪት ፋሲካን እሸት በሚያሸትበት ወር አክብሩ ብላቸዋለችና ጨረቃዋን በየጊዜው መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ዓመታቸውን 13 ወር ያደርጉታል። የሚጨመረው ወር አዳር የሚባለው ነው፤ ፊተኛው አዳር 30 ቀን ይሆንና ኋለኛው አዳር ይከተለዋል። የእኛ ዝላይና የእነርሱ ጭማሪ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ይገናኛሉ፣ አንዳንዴ በአንድ ዓመት ይቀዳደማሉ። በ2016 ተገናኝተው ነበር፤ በ2019ም ይገናኛሉ። ዝምድናው የአጋጣሚ አይደለም። የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የግዕዝ የዘመን አቆጣጠር መጻሕፍት የጥንቱን የእስክንድርያ አይሁድ አቆጣጠር ይዘው እንደቆዩ አሳይቷል። በጋይንት ገደል ላይ ያለ ተማሪ የሚቆጥረው መጥቅዕ በጥንታዊት እስክንድርያ ምኩራብ ሲቆጠር የነበረ ነው።

በአዳር ወር የሚውለው በዓል ፉሪም ነው፤ የአስቴር በዓል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ የገዛው ንጉሥ፣ በሱሳ ግንብ ያለችው ወላጅ አልባ ንግሥት፣ ያሳደጋት መርዶክዮስ፣ ስገዱልኝ ባዩ ሐማ። እኛ በዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ስማችን ስላለ ቶሎ እናነበዋለን፤ እኔን የያዘኝ ግን ዕጣው ነው። ሐማ አንድን ሕዝብ ለማጥፋት ቀን ፈለገ፣ ዕጣም አስጣለ። ዕጣ የተጣለው በመጀመሪያው ወር በኒሳን ነው፤ የወጣው ግን በመጨረሻው ወር፣ በአዳር 13። ነገ ቢወጣለት ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር? ገዳዩ በገዛ እጁ በጣለው ዕጣ ለሟቾቹ 11 ወር ሰጣቸው። በዚያ 11 ወር ውስጥ ነው መርዶክዮስ ማቅ የለበሰው፣ አስቴር ሦስት ቀንና ሌሊት ሳትበላ ሳትጠጣ ጾማ ሳትጠራ ወደ ንጉሥ የገባችው፣ ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ የታሪክ መጽሐፉን ያስነበበው።

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አይጠራም። የእኛ የግዕዙ ከጽርዕ የተተረጎመ ስለሆነ የመርዶክዮስና የአስቴር ጸሎት በሰፊው አለበት፣ ስሙም ይጠራል። ሁለቱን አስተያይቼ እንዲህ አሰብኩ፤ ስሙ ባልተጠራበትም መጽሐፍ ቢሆን የእግዚአብሔር ሥራ ያለው በጊዜው ውስጥ ነው። ሠራዊት አልላከም፣ ባሕር አልከፈለም። ቀን ጨመረ። የፉሪም መንፈሳዊ ፍሬ ነገር ለእኔ ይህ ነው፤ ቀን ሲጨመር ምሕረት ተጨመረ ማለት ነው።

እንግዲህ ዓመቱ ሁለት አዳር ሲኖረው ፉሪም በየትኛው ይከበር? የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ተከራክረዋል፤ ክርክሩ በታልሙድ፣ መጊላ በሚባለው ክፍል ይገኛል። አንዱ ወገን በጎ ሥራ ሲመጣ አይታለፍምና በፊተኛው እናክብር አለ። ደስታ በእጅ ሳለ ማን ያዘገየዋል? የጸናው ግን የሌላኛው ወገን ቃል ነው፤ በኋለኛው ይሁን፣ ቤዛነት ለቤዛነት ይጠጋ አሉ። ኋለኛው አዳር ለኒሳን፣ ማለትም ለፋሲካ ወር፣ ጎረቤት ነውና። ከሐማ መዳናቸው ከግብጽ ከመውጣታቸው አጠገብ እንዲቀመጥ ሲሉ ደስታቸውን አንድ ወር ያቆዩታል። በፊተኛው አዳር 14ኛ ቀን «ትንሹ ፉሪም» ይባላል፤ መጽሐፈ አስቴር አይነበብም፣ ስጦታ አይላክም፣ ብቻ በዚያ ቀን አይጾሙም፣ የሙት ሙሾ አያወርዱም። ያቺ ወር ባዶ አይደለችም፣ የተገታ ደስታ አለባት። እኛስ ፋሲካችንን ወደ ሚያዝያ መጨረሻ ስንገፋው ይህንኑ አይደለም የምናደርገው? ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት እንዳይውል ስንጠብቅ ሠርገኛው ጊዜው ይረዝምለታል፣ ጿሚው ጾሙ ይዘገይበታል።

ከጣና ሰሜን በደምቢያና በወገራ የኖሩት ቤተ እስራኤል ፉሪምን እንደ ረቢዎቹ ሥርዓት በድግስ አያከብሩትም ነበር። የያዙት የአስቴርን ጾም ነው። አብዛኞቹ ድግሱን ያወቁት ወደ እስራኤል ከገቡ ወዲህ ነው። እኔ ይህን ጉድለት አልለውም። የታሪኩን ሥር ይዘው ነው የኖሩት፤ ከድግሱ በፊት ጾሙ ነበርና። የእኛ ነነዌም ሦስት ቀን ነው፤ ጥፋት የታወጀባት ከተማ በተሰጣት ጊዜ ከንጉሡ እስከ እንስሳው ማቅ ለብሳ፣ ጾማ ዳነች። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በጋይንት ቅዳሴ በተሲያት ሲቀደስ፣ ሕፃኑም እናቱን ተከትሎ ሳይቀምስ ሲውል፣ የሚጾመው ጾም ከአስቴር ጾም ጋር አንድ ቤት ነው።

ባሕረ ሐሳቡ ራሱ ከጾም ነው የተገኘው ይላል ትውፊታችን። በሁለተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያን የመራው 12ኛው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ ገበሬ ነበር፣ ያልተማረ። ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ፋሲካ ከእሑድ እንዳይለቁ ተመኘ። መልአክ መጥቶ በምኞት አይገኝም፣ ከሌሊቱ 23 ከቀኑ 7 ሱባዔ ግባ አለው። 23 በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ጥንተ አበቅቴ ሆነ። 7 በ7 ሲባዛ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19፤ ጥንተ መጥቅዕ ሆነ። 11 የጨረቃና የፀሐይ ልዩነት ነው፤ 19 ደግሞ 30 የሚሞላበት። ይህን ያህል ንጹሕ ሒሳብ ከገበሬ ጾም ወጣ ብሎ ማመን ለአንዳንዱ ይከብደው ይሆናል። እኔ ግን ወደ ላይ ማየትን ከገበሬ የተሻለ የሚያውቅ የለም እላለሁ።

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መጽሐፈ አስቴር የሚያልቀው በደም ነው። በዕብራይስጡ የተገደሉት ጠላቶች 75,000 ይላል። ጦርነትን በዓይኑ ላላየ ሰው ይህ ቁጥር ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ገብቶ ያየ ሰው ግን፣ ከዚያም ወዲህ ሰላም ሙሉ ሆኖ ያልሰነበተለት ሰው፣ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ድምፁ ይቀንሳል። እኔም ይቀንስብኛል። ግን በደንብ አንብቡት። ከሱሳ ከተማ ውጭ ባሉት አገሮች ውጊያው የነበረው በ13ኛው ቀን ነው። በዓሉ የተሠራው በ14ኛው፣ ባረፉበት ቀን ነው። ድል ባደረጉበት ቀን አልጨፈሩም፤ በዓል ያደረጉት ሰይፉ የተቀመጠበትን ቀን ነው። የበዓሉም ሥርዓት የጦር ትርኢት አይደለም። ለወዳጅ ከማዕድ ይላካል፣ ቢያንስ ለሁለት ድሆች ይሰጣል፣ ከዚያ ይበላል። ድሃው ሳያገኝ የሚደረግ ፉሪም ፉሪም አይባልም።

ይህ ሥርዓት ለእኛም የሚሆን ይመስለኛል። በ2019 ሠርጉን ለማስፋት 20 ቀን የተጨመረለት ድግሰኛ ከዳሱ ውጭ የቆመውን ያስገባ። ሳይታረቅ የቀረ ጎረቤት ያለው ሰው ሽማግሌ ለመላክ ጊዜ የለኝም አይበል፤ ባሕረ ሐሳቡ ሰጥቶታል። ጾሙም ሲዘገይ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ ይዘልቃልና፣ ጎተራው የሚጎድልበትን ቤት ከአሁኑ የሚያስብ ይኑር። በዚያው ዓመት አይሁድ ፉሪምን መጋቢት 14 ያከብራሉ፤ የእነርሱ ፋሲካ ሚያዝያ 14 ይውላል፣ የእኛ ከዚያ በ10ኛው ቀን።

ከዚያ የሚቀጥለውን የ2020ን ደግሞ እናንተው ሥሩት። የቆሎ ተማሪ በደጃችሁ ካለፈ ቁራሽ ስትሰጡት አብራችሁ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ያሳያችኋል። መነሻውን ልስጣችሁ፤ መጥቅዑ 26 ነው፣ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 26 ሐሙስ ይውላል፣ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው። ነነዌ በጥር ይሁን በየካቲት፣ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ ያገኛችሁ ደውሉልን።