ሙከራው ከመምጣቱ በፊት



ገና በምርመራ ለታወቀ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ የሚሞከረው ሕክምና ተስፋ የሚጣልበት ነው። ሆኖም ሙከራው ወደ አገራችን ይምጣ ከማለታችን በፊት የልጆቻችንን በሽታ ምንነት እንወቅ፤ የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ኢንሱሊን አመንጪዎቹን የቆሽት ሴሎች ያጠፋሉ። ቴፕሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ጥቃቱን ያለዝባል። ውጤቱ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የታተመው ፕሮቴክት የተሰኘ ጥናት ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 328 ልጆች አሳትፏል። መድኃኒቱ ለ12 ቀናት በደም ሥር ተሰጥቶ ከስድስት ወር በኋላ ተደገመ። በ78ኛው ሳምንት ቆሽታቸው የሚረባ ኢንሱሊን ማመንጨት ያላቆመው መድኃኒቱን ከወሰዱት 94.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 79.2 በመቶ ነበሩ። ይሁንና የኢንሱሊን መርፌውን አላስጣለም፤ በሚወስዱት የኢንሱሊን መጠንም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ሕክምናው የተጀመረው በሽታው በታወቀ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነበር። በሰፈራችን በየካ፣ በእንጦጦ ግርጌ ግን ውሃ ውሃ የሚለው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለሰው፣ እየከሳ የሚሄደው ልጅ መጀመሪያ ወስፋት ነው ይባልለታል፤ ጠበልም ይወሰዳል። ስኳሩ የሚታወቀው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ከሆነ፣ የሚተርፉት ሴሎች ጥቂት ይሆናሉ።

ሌላም ጥያቄ አለ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ዓይነት አንድ አለባቸው ከተባሉት ወጣቶች 65 በመቶ ያህሉ የመከላከያ ሴሎችን ጥቃት የሚጠቁሙት ፀረ እንግዳ አካላት እንዳልተገኙባቸው አሳይቷል። የጎንደር ሐኪሞችም በገጠር ድሃ ወጣቶች ላይ ያዩት ስኳር ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆነ ከዓመታት በፊት ጠይቀዋል። ጥቃት በሌለበት ጥቃት አለዛቢ መስጠት ምን ይፈይዳል? ቲቢ ባልጠፋበት ሰፈር መከላከያን ማዳከምስ ቀላል ነገር ነው?

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ። የጤና ጣቢያ ባለሙያ የጠረጠረውን ልጅ ጣት ወግቶ ስኳሩን ወዲያው ይለካ። ስኳር የተገኘበት ልጅ ሁሉ ፀረ እንግዳ አካሉም ይመርመርለት። ፍሪጅ የሌላት እናት ኢንሱሊኑን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ታቀዘቅዛለች፤ እሷ የምትፈርመው የስምምነት ቅጽ «ይህ መድኃኒት ኢንሱሊንን አይተካም» ብሎ በግልጽ አማርኛ ይናገር፤ ኢንሱሊኑም ጥናቱ ካበቃ በኋላ ሳይቋረጥ ይቅረብላት።

እነዚህ ከተሟሉ ሙከራው ይምጣ፤ ልጆቻችንም ይሳተፉ።