አገር የሚመራ ሰው በአደባባይ መናገርን ማወቅ እንደሚገባው



በዚህ አገር ነገር የማያውቅ ሰው ርስቱን ያጣ ነበር። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባላጋሮች በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ቆመው፣ ሸማቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በተጠየቅ ይሟገቱ ነበር። አንዱ በማር፣ አንዱ በበቅሎ ይወራረዳል። መንገደኛው እንኳ ጉዞውን ትቶ ቁጭ ብሎ ይሰማል። እውነት የያዘው ሰው ቃል አጥሮት የአባቱን መሬት ለቆ ሲሄድ፣ እውነት የሌለው ግን በአንደበቱ ሲረታ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሽማግሎች አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሰው ያከብሩታል፤ ደግሞም ይጠረጥሩታል። ሁለቱም ትክክል ነው።

ከ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወዲህ ክርክሩ በጽሑፍ ሆነ፤ ይህም ለድኃው ብዙ ጥቅም አለው። ነገር ግን ገበሬው ሳይከፍል ይማርበት የነበረው የንግግር ትምህርት ቤት ከዚያው ጋር ተዘጋ። የቤተልሔም ድጓና የዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ድምፅን ያስተካክላሉ፤ የቅኔ ቤትም ምሥጢርን በጥቂት ቃል መቋጠርን ያስተምራል። ሕዝብን ሰብስቦ አንድን ጉዳይ አስረድቶ ማሳመን ግን ከእነዚህ የተለየ ሥራ ነው።

በጎንደር ዘመን ንጉሥ በአደባባይ አይናገርም ነበር። ከመጋረጃ በስተኋላ ሆኖ የሚለውን ቃለ ሐፄ የተባለው ሹም ያሰማለት ነበር፤ የአፈ ንጉሥነትም ሹመት ስሙ እንደሚያመለክተው የንጉሥ አፍ መሆን ነው። ሙሴም አንደበቱ ኰልታፋ ስለ ነበረ አሮን አፍ ሆነለት። ስለዚህ መሪ ሁሉ የግድ ተናጋሪ ሆኖ መወለድ የለበትም፤ ነገር ግን ሐሳቡን የሚያደርስለት አፍ ያጣ መሪ የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ልማድ ከለወጡት ነገሥታት አንዱ አጤ ቴዎድሮስ ናቸው። በገዳም ትምህርት ያደጉ ስለ ነበሩ ቋንቋቸው የሰላ ነበር፤ ለሠራዊታቸውም ራሳቸው ቆመው ይናገሩ ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ አገር ሰው ከአያቶቹ የሰማው ሌላም ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ወጡ። መንገዱንም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ያስጠርጉ ነበር። ጎዳናው ወራት ፈጀ። ይህን ያህል ሰው ያን ገደል እንዲያቀና ያደረገ ቃል ደካማ ቃል አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የቤጌምድር ገበሬ በሠራዊቱ ተዘርፎ፣ ቤቱ ተቃጥሎ ነበርና፣ ልቡ ከርሳቸው ርቆ ነበር። ጎተራው ባዶ ለሆነበት ሰው ንግግር ምን ይጠቅመዋል? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከአጠገባቸው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ።

አጤ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያሳወጁት የክተት አዋጅ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብልሃት ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ አንድም የሊቃውንት ቃል የለበትም። ጠላት ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን፣ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ፣ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በጸሎቱ እንዲረዳ፣ በጥቅምትም እኩሌታ በወረኢሉ እንዲገናኙ ይናገራል። ነጋሪት እየተጎሰመ በየገበያው ሲነገር እረኛውም ይገባው ነበር።

በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሳይገጥሙ በፊት፣ ከአይሮፕላን ላይ ወረቀት ተበተነ፤ ከራስ ጉግሣ ጋር የሚሰለፈውን የሚያወግዝ ቃል ነበረበት። ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት በሆነበት ሠፈር አንድ አንባቢ የብዙ ሰው ጆሮ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታሰብ የሚገባው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጀኔቭ የሆነው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ አገራቸው በጠላት እጅ ነበረች። የኢጣልያ ጋዜጠኞች ያፏጩና ይሰድቡ ጀመር። ንጉሡ አልተቈጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፤ የሚረብሹት ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ከአይሮፕላን የተረጨው መርዝ በሰው፣ በከብት፣ በውሃና በግጦሽ ላይ ያደረሰውን ገለጹ፤ በመጨረሻም ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ጠየቁ። ማኅበሩ ከጥቂት ቀን በኋላ በኢጣልያ ላይ የተጣለው የንግድ ቅጣት እንዲነሣ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ንግግሩ ከንቱ የሆነ ይመስል ነበር፤ ማኅበሩ ፈርሶ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከአምስት ዓመትም በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለሕዝቡ ተናገሩ። በቀልን የሚሻ ሕዝብ ማስቈጣት ቀላል ነው፤ ማብረድ ግን እጅግ የከበደ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን የዚህ ደጋ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ አፋፉ ከደጁ ነውና። ዛሬም በቀበሌ ስብሰባ ስለ ምንጭ፣ ስለ እርከን ወይም ስለ ግጦሽ ሲመከር፣ ሹሙ ጉዳዩን ማስረዳት ያቃተው እንደ ሆነ ሰው ሳይገባው ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱም ሲመለስ ያማል። ከዚህም የባሰው ጣፋጭ ተናጋሪ ሲነሣና የሚጠይቀው ሲጠፋ ነው።

እንግዲህ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት ልጆችን በዛፍ ጥላ ሥር ቢያቆሙ መልካም ነው። ጉዳዩ የእውነት ይሁን፤ የወንዙ ድልድይ፣ የአጥር ክርክር፣ የማገዶ እንጨት። ሽማግሎችም ተጋብዘው ይስሙ። አንድ ልጅ ከመመለሱ በፊት ባላጋራው ያለውን በራሱ አንደበት ደግሞ ይናገር፤ ባላጋራውም «አዎን፣ ያልሁት ይህ ነው» ካላለ መልሱን አይጀምር።