የአራት ቀን ጉዞ ወደ ዛንዚባር፤ ስለ ዕቅዱ ጥቂት ሐሳብ

በማኅበሩ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




የዝግጅት ኮሚቴው ይህን ርዕስ ሲሰጠኝ ከመካከላችን ፈገግ ያሉ እንደ ነበሩ አልሸሽግም። ስለ ግድብ መሠረትና ስለ መንገድ ጠረጋ ሲነገርበት በኖረ መድረክ ላይ ስለ ዕረፍት ጉዞ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በቡድን ሆኖ፣ አስጎብኚ ይዞ፣ በአራት ቀን ውስጥ አንድን የሐሩር ደሴት አይቶ መመለስ ማለት ውሱን ጊዜንና ውሱን ገንዘብን፣ ለማንም ከማይታዘዝ ተፈጥሮ ጋር አጣጥሞ ማስኬድ ማለት ነው። ይህም ከዕለት ሥራችን ብዙ የራቀ አይደለም። በተጨማሪም አንድ የጉዞ ወኪል ያቀረበልን የጉዞ መርሐ ግብር በኮሚቴው ፊት ስላለና ድምፅ የምንሰጥበት ስለሆነ ነገሩ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በተለምዶ ዛንዚባር የምንለው ኡንጉጃ የሚባለውን ትልቁን ደሴት ሲሆን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሰፊው ቦታ ላይ ወርዱ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ ስድስት ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ለእኛ ያለው ምቾት ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በአውሮፕላን ይደረሳል፤ ሰዓቱም ከእኛ ጋር አንድ ነው። አንድነቱ በሰዓት ክልል ብቻ አይደለም። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው። የእኛ የጠዋት አንድ ሰዓት በእነርሱም ቋንቋ «ሳ ሞጃ»፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። በሌላ አገር ባዕድ የሆነብን አቆጣጠር በዚያ የገበያ ቋንቋ ሆኖ ይገኛል። ይሁንና ሆቴሎችና የጀልባ ድርጅቶች በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠሩ «አራት ሰዓት እንገናኝ» በተባለ ቁጥር የየትኛው አራት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ይህን ያልጠየቀ ቡድን ስድስት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ባሕር ዳር ይቆማል።

የጉዞው ወቅት ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ካስካዚ የተባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ይበረታል። ከሚያዝያ ግድም አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ደግሞ ኩሲ የተባለው ነፋስ ከደቡብ ይመጣል። በጥንት ዘመን የዓረብና የሕንድ መርከበኞች በአንደኛው መጥተው በሌላኛው ይመለሱ ስለ ነበር፣ የደሴቲቱ ንግድና ሀብት፣ ከተማዋም ጭምር፣ የእነዚህ ሁለት ነፋሳት ውጤቶች ናቸው ለማለት ይቻላል። ታላቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ዝናብ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ይወርዳል። እኛ በክረምት ጭቃ ምክንያት ሥራ በሚቀዘቅዝብን በሐምሌና በነሐሴ ዛንዚባር ደረቅና ለዘብ ያለ አየር አላት። ስለሆነም ከመጠነኛ ማመንታት በኋላ ነሐሴን መርጫለሁ። ፍልሰታ የምትጾሙ አባላት መቸገራችሁ አይቀርም፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ግን ለካህናት ትቼ አልፋለሁ።

አሁን ወኪሉ ፈጽሞ ወዳላሰበበት ነገር ልምጣ። ይኸውም የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው።

በዛንዚባር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ የዛሬው ሙላት ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ አራት ሜትር ይጠጋል፤ በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ልዩነቱ በብዙ ይቀንሳል። አራት ሜትር ማለት ከአንድ ፎቅ ቁመት ይበልጣል። በምሥራቁ ጠረፍ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል የባሕሩ ወለል ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ውኃው በሸሸ ጊዜ የባሕሩ ዳርቻ ከዓይን ርቆ ይሄዳል። በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያየነው ሁሉ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ይሆናል። ሳያውቅ የሄደ ሰው ተታለልሁ ብሎ ከሆቴሉ ጋር ይጣላል። ያወቀ ግን ጫማውን አድርጎ በባሕር ወለል ላይ ይመላለሳል፤ ሴቶች በችካልና በገመድ የባሕር አረም የሚያለሙበትን ማሳም ያያል። ይህ እርሻ በ1980ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) የተስፋፋ ሲሆን፣ ምርቱ ለምግብና ለመዋቢያ ማርጊያ የሚሆን ቅመም እንዲወጣበት ወደ ውጭ ይላካል። ሴቶቹ የሥራ ሰዓታቸውን የሚያወጡት በጨረቃ ነው።

እዚህ ላይ ለዕቅዳችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በዛንዚባር ሙሉ ጨረቃ ወይም አዲስ ጨረቃ በሆነ ሰሞን ባሕሩ እስከ መጨረሻ የሚሸሸው ረፋዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚሞላውም ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ይህ ይገለበጣል። ስለዚህ ቀኑን ስንቆርጥ ከደመወዝ ቀን ይልቅ ጨረቃን ብናይ ይሻላል። በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ከሄድን ጠዋት በባሕሩ ወለል ላይ እንሄዳለን፤ በቀትር ፀሐይ ጥላ እንይዛለን፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ እንዋኛለን። ሕፃናት ይዘው ለሚሄዱ አባላትም ፀሐዩ የሚበርድበት ሰዓት የተሻለ ነው። በስተሰሜን በኑንግዊ በኩል ጠረፉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውኃው ያን ያህል አይርቅም፤ መዋኘት ብቻ የሚፈልግ ወደዚያ ቢሄድ ይመቸዋል። ትክክለኛው ሰዓት ግን ለዚያው ዓመት ከታተመው የሙላት ሠንጠረዥ ይወሰድ።

ወደ ከተማይቱ እንለፍ። ወኪሉ ለድንጋይ ከተማ፣ ለስቶን ታውን፣ የመደበው ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ለአሸዋ ደለል ሽርሽር ግን አንድ ሙሉ ቀን ሰጥቷል። በበኩሌ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው ይህች ከተማ ለእኛ ሙያ ትልቅ መማሪያ ናት። ግንቦቿ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ ናቸው፤ ወለሎቿን የተሸከሙት ከባሕር ዳር ጫካ የተቆረጡ የማንግሮቭ አጣናዎች ናቸው። አጣናው ከሦስት ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብና ረጃጅም ሆነዋል። የቤቱን ቅርፅ የወሰነው የእንጨቱ ርዝመት ነው ማለት ነው። ግንቡ ውኃ ይጠጣል፤ ግን ደግሞ ይተነፍሳል። በላዩ ላይ በሲሚንቶ በተለሰነ ጊዜ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ኖራውን ይበላዋል። የጎንደርን ግንቦች በኖራ የማደስ ሥራ የተከታተላችሁ ሰዎች ይህን ነገር ያለ ማስረጃ ታምኑኛላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ቤት አል አጃይብ፣ የድንቆች ቤት የተባለው ሕንፃ አለ። ሱልጣን ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1883 ዓ.ም. ያሠራው ሲሆን፣ በብረት ዓምዶች የተያዙ ሰፋፊ ሰገነቶች የነበሩትና በዛንዚባር የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የገባበት ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ባበቃው ጦርነት ቤተ መንግሥቱን በመድፍ ሲደበድቡ ከጥፋት ተርፏል። ያን ሁሉ ያሳለፈው ሕንፃ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2020 ዓ.ም. የእድሳት ሥራ እየተካሄደበት ሳለ የፊት ገጹ ከሰዓት ማማው ጋር ተደረመሰ፤ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ለዘመናት የቆመ ግንብ በእድሳት ላይ ሳለ መውደቁ ለማናችንም የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም። ከመካከላችን አሮጌ ሕንፃ እንዲያድስ ውል የተሰጠው ወይም ነገ የሚሰጠው ብዙ ነው። ድጋፉ መቼ ይቆማል? የተጠራቀመው ውኃ በምን መንገድ ይወጣል? ሠራተኛው ከሥሩ ከመግባቱ በፊት ማን ይፈርማል? እነዚህን ጥያቄዎች በዚያ ሥፍራ ቆሞ ማንሣት ከብዙ ዓውደ ጥናት ይበልጣል።

ስለ አስጎብኚ ምርጫም ከዚሁ ጋር ልናገር። የባሪያ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. ተዘግቶ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል፤ በግቢውም የድንጋይ ምስሎች በእውነተኛ ሰንሰለት ታስረው ቆመዋል። ፈጣን አስጎብኚ እዚያ አሥር ደቂቃ ቆሞ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ወደ ቅመማ ቅመም ሱቅ ይነዳል። እኛ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለን። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ የነበረችው ሳልሜ በኋላ ኤሚሊ ሩተ ተብላ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. በጀርመንኛ ባሳተመችው ማስታወሻ ውስጥ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለ ነበሩ የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች ከአገራችን የተሸጡ ናቸው፤ የሸጧቸውም ባዕዳን ብቻ አልነበሩም። ይህን የማያውቅ ወይም ሊያወራ የማይፈልግ አስጎብኚ ቢቀርብልን ክፍያው ቢያንስም አይጠቅመንም። ስለሆነም አስጎብኚው ፈቃድ ያለው የአገሬው ሰው ይሁን፤ የዋጋ ክርክር ውስጥ ሳንገባ አስቀድመን ምን እንደሚያስረዳን በጽሑፍ እንጠይቀው። ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ ለአንድ አስጎብኚ አይሰጥ፤ በዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ የኋለኛው ሰው የሚሰማው የሞተር ብስክሌት ጡሩምባ ብቻ ነው።

አለባበስን በተመለከተ ደሴቲቱ ከሞላ ጎደል የሙስሊሞች አገር ስለሆነች በከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። በረመዳን ወር ከተጓዝን ቀን ቀን በአደባባይ መብላት መጠጣት ነውር ነው። ለእኛ ለጿሚዎቹ አገር ሰዎች ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም።

በሁለተኛው ቀን ጆዛኒን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በዓለም ላይ ከዛንዚባር በቀር በተፈጥሮው የትም የማይኖረው ቀዩ ኮሎበስ ዝንጀሮ የሚኖርበት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ብንደርስ ይበቃል። የቅርንፉድና የቀረፋ እርሻውን በመመለሻ እናያለን፤ ቅርንፉድ ወጥ ውስጥ እንጂ በዛፍ ላይ አይተነው የማናውቅ ብዙዎች ነን።

የባሕር ጉዞን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ አጠንክሬ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. «ስፓይስ አይላንደር» የተባለችው መርከብ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትጓዝ ከልኳ በላይ ሰው ጭና ሰጥማ ብዙ መቶ ሰዎች አልቀዋል። በዓመቱም ከዳሬ ሰላም የተነሣች ሌላ መርከብ ሰጠመች። ስለዚህ ወደ እስረኞቹ ደሴት ወደ ቻንጉ የሚወስደንን ጀልባ ስንመርጥ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት የተሳፋሪውን ልክና የተንሳፋፊ ሰደርያዎቹን ቁጥር እንጠይቅ። ለሕፃናት የሚሆን ሰደርያ የሌለው ጀልባ ሕፃናትን አይጫን። በዚህ ነጥብ ላይ ኮሚቴው ለማንም አባል ልመና እንዳይሸነፍ አደራ እላለሁ።

ስለ ወረቀት ሥራ ባጭሩ፦ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን በፊት ይወሰድ። ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ይማከር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት የውጭ አገር ጎብኚ 44 የአሜሪካ ዶላር የመድን ክፍያ ይከፍላል፤ ይህ በወኪሉ ሒሳብ ውስጥ ስላልተካተተ በነፍስ ወከፍ ይታሰብ።

ለኤሌክትሪክ ባልደረቦቼ አንድ ቃል። ደሴቲቱ ከዋናው ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ መብራት ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ለአንድ ወር ያህል፣ ከታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሦስት ወር ያህል ኡንጉጃ ጨልማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. 100 ሜጋ ዋት የሚያሳልፍ አዲስ ገመድ ተዘርግቷል። የተጠባባቂ መስመር ክርክር በያዛችሁ ጊዜ ይህን ምሳሌ አንሡ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የአሸዋ ደለሉ ሽርሽር ከመርሐ ግብሩ ይውጣና ቀኑ ለድንጋይ ከተማ ይሰጥ፤ የመነሻው ቀንም ከሙላት ሠንጠረዡ ጋር ከተገናዘበ በኋላ ይቆረጥ። በአየር ሲሊንደር ወደ ባሕር ጠልቀው ኮራል ማየት የሚፈልጉ አባላት ካሉ ግን የእነርሱ ተራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ይሁን፤ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን መሳፈር ለሰውነት አደገኛ ነው፤ የምንመለስባት አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ፈላጊዎች እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ።