በክንፍ ላይ የቀረ ውርጭ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በዳንፎርዝ፣ ቶሮንቶ የተደረገ ንግግር)



ስለ 10 ዓመቱ ጉዟችን ሌሎች ተናግረዋል። እኔ ባለፈው የበረዶ ወራት በእኅቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ፤ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። ልጁ አውሮፕላን ማብረር ይማራል።

ከከተማው ወጣ ባለች ትንሽ አየር ማረፊያ በማለዳ ለብቻው ሊበር ተዘጋጀ። ሌሊት የጣለውን በረዶ ከሴስናዋ ክንፍ ላይ ጠረገ። ከሥሩ ግን ሲዳስሱት እንደ አሸዋ የሚሻክር ስስ ውርጭ ቀርቷል። አይቶታል። ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ተማሪ ነበር፤ አሠልጣኙን መልሶ መጥራት አፈረ። ተነሣ። አውሮፕላኗ ከመሬት ጥቂት ከፍ ካለች በኋላ አልወጣ አለች። ከማኮብኮቢያው ጫፍ አልፋ አፍንጫዋን በረዶው ላይ ተከለች። ፕሮፔለሩ ታጠፈ፤ የልጁ ትከሻ ወለቀ። ተመስገን፣ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ተቀምጧል።

ውርጭን እኛ የምናውቀው የደጋ ገብስ ሲያቃጥል ነው። በክንፍ ላይ ጉዳቱ የክብደት አይደለም። አየሩ በክንፉ ላይ ተስተካክሎ ካልፈሰሰ የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። ከመሬት አጠገብ ሳሉ የመሬቱ ቅርበት ስለሚያግዝ አውሮፕላኑ የተነሣ ይመስላል፤ ከፍ ሲል እገዛው ይቀራል። የካናዳ ሕግ ክንፉ ላይ ውርጭ ወይም በረዶ የተጣበቀበት አውሮፕላን እንዳይነሣ የሚከለክለው ለዚሁ ነው።

እዚሁ ኦንታሪዮ፣ ድራይደን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1989 አንድ ፎከር አውሮፕላን ለመነሣት ሲዘጋጅ፣ በበረዶው የተቸገረች ትንሽ ሴስና እስክታርፍ እንዲቆይ ተደረገ። በረዶው ክንፉ ላይ ይጥል ነበር። ሳይጠረግ ተነሣና ጫካ ውስጥ ወደቀ፤ ከ69 ሰዎች 24ቱ ሞቱ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሙያቸው አብራሪነት የሆነ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በረዶውን አይተው ለዋናው አብራሪ አልነገሩም። ዳኛ ሞሻንስኪ ጉዳዩን መርምረው በ1992 ያወጡትን ሪፖርት ሳነብ ይሉኝታ የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑ ገረመኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ታክሲዬን በማለዳ ሳስነሣ ከፊት መስተዋቱ ላይ ዓይኔ የሚያይበትን ያህል ብቻ ፍቄ መንገድ እገባለሁ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ስንት ዓመት ይኽንን አይቷል! «ይኼ ይበቃል» የሚለውን ከማን ተማረው?

ከወደቀ ወዲህ «ይቅርብህ» የምትሉት ብዙ ናችሁ። እናቱም እንድከለክለው ለምናኛለች፤ እስካሁን ተቀይማኛለች። እኔ ግን ትከሻው ሲድን ራሴ ይዤው ሄድኩ። ጓንቱን አውልቆ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያም አሠልጣኙን ጠራው። ሁለቱ ቆመው ተነጋገሩ። ያን ቀን አልበረረም፤ ወደ ዳንፎርዝ ተመልሰን ቡና ጠጣን። በሚቀጥለው ሳምንት በረረ።