የአሮጌ ባለሸራ ጀልባ እውነተኛ ዋጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንዲት ስመ ጥር ጀልባ በአንድ ፓውንድና በአንድ ብርጭቆ ጂን ተሸጠች። ጀልባይቱ «ጂፕሲ ሞዝ 4ኛ» የምትባለው ነበረች። ሰር ፍራንሲስ ቺቼስተር በነሐሴ ወር 1966 ከፕሊመዝ ወደብ ተነሥተው፥ በመንገዳቸው ሲድኒ ላይ ብቻ አርፈው፥ 226 ቀን በባሕር ላይ በመቆየት ዓለምን ለብቻቸው የዞሩት በእርስዋ ነው። ስለዚህም ሥራቸው በ1967 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ በግሪንች ሕዝብ በተሰበሰበበት የክብር ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጀልባይቱ በዚያው በግሪንች በየብስ ላይ ለትርኢት ቆማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁባት ኖረች፤ እንጨትዋም እየበሰበሰ ሄደ። ገዢዎችዋ መጀመሪያ ወደ ተሠራችበት የጎስፖርት መሥሪያ ቤት ወስደው ብዙ ገንዘብ አፍስሰው አደሱዋትና በ2005 እንደገና ወደ ባሕር ገባች። አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ በሚያዝያ ወር 2006፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በራንጊሮዋ ደሴት አጠገብ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላትማ ጎንዋ ተቀደደ። በብዙ ድካም ተጎትታ ወጥታ በኒውዚላንድ ተጠገነች፤ ጉዞዋንም በ2007 ፈጸመች።

እንግዲህ ጀልባይቱ ከድንጋዩ ጋር በተላተመችበት ዕለት ዋጋዋ ስንት ነበር ሊባል ነው? የተሸጠችበት አንድ ፓውንድ ነውን? ለእድሳትዋ የወጣው ወጪ ነውን? ወይስ በዚያ ቀን ለገበያ ብትቀርብ ኖሮ የምታወጣው ገንዘብ? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የአንዲት ታሪካዊ ጀልባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉባኤ ባላስፈለገውም ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝና በአሜሪካ ወደቦች የታሰሩ እጅግ ብዙ አሮጌ ጀልባዎች ባለቤቶች የመድን ውላቸውን በሚያድሱበት ጊዜ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ ብዙዎቹም ሳያስቡበት ይመልሱታል።

የዚህ ዓይነቱ ጀልባ መብዛት ምክንያት አለው። ቀድሞ ባለሸራ ጀልባ ከእንጨት ይሠራ ስለነበር እርጅናው ከዓይን አይሰወርም፤ የበሰበሰ ሳንቃ ያደባባይ ምስክር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት ግን የፋይበርግላስ ጀልባዎች በብዛት መሠራት ጀመሩ። ካርል አልበርግ የነደፉት «ፒርሰን ትራይተን» የተባለው ጀልባ በ1959 በኒውዮርክ ትርኢት ላይ ከቀረበ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ተሠርቶ ተሽጧል። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት ስለማይበሰብስ፥ በዚያን ዘመን ከተሠሩት ጀልባዎች ብዙዎቹ ዛሬም ሸራቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ። የዕድሜ መግፋትም ብቻውን የድካም ማስረጃ አይሆንም። በ1979 በፋስትኔት ውድድር ላይ በተነሣው ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎች ሲሞቱ፥ ከተነሡት 303 ጀልባዎች ውድድሩን የፈጸሙት 85 ብቻ ነበሩ። ከትናንሾቹ ጀልባዎች ምድብ እስከ መጨረሻው የደረሰችው «አሰንት» የተባለች አንዲት «ኮንቴሳ 32» ናት። የዚያ ዓይነት ጀልባ ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ፈላጊ የማያጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአሮጌ ጀልባ ባለቤት ታሪክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጀልባውን በርካሽ ይገዛል። በመጀመሪያው ዓመት ሸራውን ይለውጣል፤ በሁለተኛው ደቀሉን ወጥረው የሚይዙትን የሽቦ ገመዶች፤ በሦስተኛው ሞተሩን። ዐሥር ዓመት ሲሞላ ያወጣው ገንዘብ ጀልባው ከተገዛበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የመድን ውሉን ያየ እንደሆነ ግን በመጀመሪያው ዓመት የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ይገኛል፤ አረቦኑ እንዳይጨምርበት ሲል ሳይነካው ኖሯልና። ሌላው ደግሞ ያወጣውን ሁሉ ደምሮ፥ የደከመበትን ሰዓትና ፍቅሩን ጨምሮ፥ ማንም ገዢ የማይሰጠውን ዋጋ ያጽፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አዲስ ሞተር ያለው አሮጌ ጀልባ፥ አሮጌ ሞተር ካለው ይልቅ በገበያ ላይ ብልጫ አለው፤ ብልጫው ግን የሞተሩን ሙሉ ዋጋ አያህልም።

የባሕር መድን ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ ፈልጎለታል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በለንደን በኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ተሰባስበው ይሠሩ የነበሩት መድን ሰጪዎች ያቆሙት ልማድ፥ ከፍርድ ቤቶች ውሳኔ ጋር ተጠራቅሞ በሰር ማኬንዚ ቻልመርስ ተረቀቀና በ1906 የእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ ሆኖ ታወጀ። ይህ ሕግ ውሎችን በሁለት ይከፍላቸዋል። አንደኛው ዋጋው በስምምነት የተወሰነ ውል ነው፤ ሁለተኛው ዋጋው ያልተወሰነ ውል ነው። ዋጋው በተወሰነው ውል፥ ማታለል ከሌለበት በቀር፥ በውሉ ላይ የሠፈረው ዋጋ በሁለቱ ወገኖች መካከል የመጨረሻ ነው፤ ጉዳቱ ሙሉም ይሁን ከፊል ቁጥሩ ለክርክር አይቀርብም። ዋጋው ባልተወሰነው ውል ግን፥ የጀልባው ዋጋ አደጋ ከደረሰ በኋላ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት፤ የሚታሰበውም የመድኑ ኃላፊነት በጀመረበት ጊዜ የነበረው ዋጋ ነው። በአሜሪካ ለትናንሽ ጀልባዎች ከሚሰጡት ውሎች መካከል ደግሞ በአደጋው ቀን ያለውን ዋጋ ብቻ፥ የእርጅናው ተቀንሶ፥ የሚከፍሉ አሉ። በእንዲህ ያለው ውል ላይ የሚጻፈው ቁጥር የክፍያው ጣሪያ እንጂ የተስፋ ቃል አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ይህን ልዩነት የሚያውቁት ጀልባቸው ከሰጠመ በኋላ ነው።

በስምምነት የተወሰነ ዋጋ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ1949 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የተሰጠ አንድ ውሳኔ ያስረዳል። ጉዳዩ የጀልባ ሳይሆን የቃጠሎ መድን የተገባለት የአንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት ነበር። በውሉ ላይ የተስማሙበት ዋጋ 106,850 ፓውንድ ሲሆን፥ ቤቱ ከቃጠሎው በፊት በእርግጥ የሚያወጣው 18,000 ፓውንድ፥ ከቃጠሎው በኋላ ደግሞ 12,600 ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው የጉዳቱን መጠን 30 በመቶ መሆኑን አስልተው፥ ይህንኑ መጠን በተስማሙበት ዋጋ ላይ በማድረግ 32,055 ፓውንድ እንዲከፈል ፈረዱ። መድን ሰጪው በብርሃን የፈረመውን በጨለማ ሊክደው አልተፈቀደለትም።

ዝቅ ያለ ዋጋ ማስጻፍ ግን ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ዋጋው 40,000 ፓውንድ የሚሆን ጀልባ፥ ዋጋው ባልተወሰነ ውል 20,000 ፓውንድ ብቻ መድን ቢገባለትና 10,000 ፓውንድ የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስበት፥ ባለቤቱ የሚያገኘው 5,000 ፓውንድ ነው። ሕጉ መድን ላልተገባለት ግማሽ ባለቤቱን የራሱ መድን ሰጪ አድርጎ ይቈጥረዋልና። ዋጋው በስምምነት በተወሰነበት ውልም ቢሆን ዝቅተኛ ቁጥር የሚያስከትለው አለ። ብዙዎቹ የመዝናኛ ጀልባ ውሎች፥ ጀልባው ሊጠገን የማይገባው ነው ወይስ ይጠገናል የሚለው በሚወሰንበት ጊዜ፥ በውሉ የተጻፈው ዋጋ እንደ ጀልባው ዋጋ እንዲቈጠር ያዛሉ። በገበያ 18,000 ፓውንድ የሚያወጣ ጀልባ በ10,000 ፓውንድ ተጽፎ ለጥገናው 14,000 ፓውንድ ቢጠየቅ፥ በእንዲህ ያለው ውል መሠረት እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ባለቤቱ 10,000 ፓውንድ ተቀብሎ ጀልባውን ለመድን ሰጪው ይለቅቃል፤ አለዚያም 4,000 ፓውንድ ከኪሱ ጨምሮ ያስጠግናል። የሚወደውንና ሊድን የሚችለውን ጀልባ የሚያሳጣው ማዕበሉ ሳይሆን፥ ጥቂት አረቦን ለማትረፍ ሲል ያስጻፈው ቁጥር ይሆናል ማለት ነው።

ከመጠን በላይ ማስጻፍም ከቅጣት አያመልጥም። በ1874 በእንግሊዝ በታየ ክርክር፥ የዕቃዎች ዋጋ እጅግ ከፍ ተደርጎ መጻፉ ለመድን ሰጪው ሊነገረው ይገባ የነበረ ከባድ ጉዳይ መሆኑ ተረጋግጦ ውሉ ሊፈርስ ችሏል። ይሁን እንጂ የዘመናችን ሕግ ሸክሙን በመጠኑ አዛውሮታል። በ2012 በእንግሊዝ የወጣው ሕግ፥ ለግል ጉዳዩ መድን የሚገባ ሰው ላልተጠየቀው ሁሉ መልስ እንዲሰጥ አያስገድደውም፤ ለተጠየቀው ግን በጥንቃቄና በእውነት እንዲመልስ ያዘዋል። ከዚህ የተነሣ አጥርቶ መጠየቅ የመድን ሰጪው ፈንታ ሆኗል።

ታዲያ እውነተኛው ዋጋ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ፥ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ በባለሙያ ሲመረመር። ብዙ መድን ሰጪዎች ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነውን ጀልባ ያለ ምርመራ የማይቀበሉት ስለዚህ ነው። መርማሪው አካሉን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ወለሉ ሥር ውሃ ገብቶ ያላላው እንጨት እንዳለ፥ ፋይበርግላሱ እንደ እባጭ ያበጠበት ቦታ እንዳለ፥ ከታች ያለውን ከባድ ሚዛን የያዙት ብሎኖች ዝገው እንደሆነ፥ የደቀሉ ገመዶች ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ይመዘግባል። ሁለተኛ፥ በተመሳሳይ ዓይነትና ዕድሜ ያሉ ጀልባዎች በእርግጥ የተሸጡበት ዋጋ ሲነጻጸር፤ ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞት ነው፥ ገዢ የከፈለው ግን ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፥ ባለቤቱ የሠራው ሥራ በደረሰኝና በፎቶግራፍ ሲደገፍ። እነዚህ ሦስቱ ተሟልተው የተስማሙበት ቁጥር ለሁለቱም ወገን የሚያኰራ ነው።

ዋጋው ቢወሰንም ስለ ከፊል ጉዳት የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል። በአሮጌ ዕቃ ምትክ አዲስ ሲተካ፥ ከጥንት የባሕር ልማድ የመጣ ቅናሽ ይደረጋል፤ ቀድሞ አንድ ሦስተኛ ይቀነስ ነበር። ዛሬ ብዙ የመዝናኛ ጀልባ ውሎች ይህን ቅናሽ ለአካሉ ትተውታል፤ ለሸራና ለገመድ ግን ያቆዩት አሉ። እንዲሁም የሰጠመን ጀልባ ከወደብ አፍ የማንሣት ወጪ ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፥ ይህ ኃላፊነት ከጀልባው ዋጋ ተለይቶ መሸፈኑ መረጋገጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ባሕር ለራቀው የኢትዮጵያ መድን ባለሙያ የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. ከታወጀው የባሕር ሕግ ውስጥ የባሕር መድን ራሱን የቻለ ክፍል መሆኑ ይታወቃል፤ የዕለት ተዕለት ሥራው ግን በአብዛኛው ከአሮጌ መኪና ጋር እንጂ ከአሮጌ ጀልባ ጋር አይደለም። ይሁንና ጥያቄው አንድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ በውል ላይ የተጻፈ የመኪና ዋጋ ሳይታደስ ቢቀር፥ ባለንብረቱ ሳያውቀው የንብረቱን ከፊል በራሱ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። አደጋ ደርሶ የካሣው ስሌት ሲነበብለት የሚያዝነው በመኪናው ብቻ ሳይሆን፥ በየዓመቱ አረቦኑን ተቀብሎ ዋጋውን ያልጠየቀው ባለሙያም ላይ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ጀልባው ከሰጠመ በኋላ የሚደረግ ግምት ማንንም አያስታርቅም። መድን ገቢው የጠፋበትን በእንባ ይመዝነዋል፤ መድን ሰጪው በሒሳብ መዝገብ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ሊመዝኑ የሚችሉት ባሕሩ ጸጥ ባለበት፥ ጀልባውም በዓይን በሚታይበትና በእጅ በሚዳሰስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ውል በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ ከአረቦኑ በፊት ዋጋውን መጠየቅ፥ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ይሁን ስምምነት ለመድን ገቢው በግልጽ ማስረዳት፥ የተለወጠውንም መመዝገብ የሙያው ግዴታ ነው። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ በአደጋው ማግስት ከደንበኛው ፊት በቆመ ጊዜ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም፤ የሚቀረው መክፈል ብቻ ነው።