በቬንቲሌተር አማካይነት ከፍተኛ ፍሰት ያለው ኦክስጅን ስለ መስጠት፤ ዝግጅቱና ጥበቃው

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ቤተ ዘመዶቹ በአልጋው ራስጌ የቆመውን ቬንቲሌተር አይተው ተስፋም ፍርሃትም ያድርባቸዋል። ተስፋው መሣሪያው ለሕመምተኛው ይተነፍስለታል ከሚል እምነት የሚመነጭ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ በጉሮሮው ቱቦ የገባለት ሰው ላይነቃ ይችላል ከሚል ሥጋት የመጣ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ የሕክምና መንገድ አለ። ይኸውም ሕመምተኛው በራሱ ኀይል እየተነፈሰ፣ የሞቀና የረጠበ፣ ኦክስጅን የተጨመረበት አየር በደቂቃ እስከ 60 ሊትር በሚደርስ ፍሰት በአፍንጫው የሚያገኝበት ዘዴ ነው።

ለዚህ ተግባር ብቻ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ከዚህም ሌላ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቬንቲሌተሮች ይህንኑ አገልግሎት «ሃይ ፍሎው» ወይም «ኦክስጅን ቴራፒ» በሚል ሞድ ይሰጣሉ። ሞዱን መምረጥ ቀላል ነው፤ ጣት ማሳረፍ ብቻ ይበቃል። ሆኖም ጣቱ ባረፈበት ቅጽበት የመሣሪያው ጠባይ ፈጽሞ ይለወጣል። ሕመምተኛው የሚያስወጣው አየር ወደ መሣሪያው ስለማይመለስ ቬንቲሌተሩ የትንፋሹን መጠን ሊለካ አይችልም። ትንፋሽ ሲቋረጥ ይጮኽ የነበረው ደወልም በዚህ ሞድ አይሠራም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰጪም ጠባቂም የነበረው መሣሪያ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰጪ ብቻ ይሆናል። ጥበቃው ወደ ሰው ይዞራል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሕክምናው የሚጠቅመው ስለ ምን እንደሆነ መመልከት ይገባል። የተጨነቀ አዋቂ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የትንፋሹ ፍጥነት በደቂቃ ከ30 ሊትር በላይ ሊደርስ ይችላል። በተራ የአፍንጫ ካኑላ በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን ቢሰጠው የቀረውን ከክፍሉ አየር ይስባል፤ የተሰጠውም ኦክስጅን በዚያ አየር ይቀጥናል። ፍሰቱ ከሕመምተኛው ፍላጎት ጋር ሲስተካከል ግን በመሣሪያው ላይ የተመለከተው መቶኛ ወደ ሳንባው ከሚደርሰው ጋር ይቀራረባል። ከዚህም በላይ ፍሰቱ በአፍንጫና በጉሮሮ ውስጥ የቀረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጥባል፤ አፉ በተዘጋም ጊዜ መጠነኛ ግፊት ይፈጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይና በቤልጅግ 23 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ በ310 ሕሙማን ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ውጤት ታትሞ ወጥቷል። ቱቦ እንዲገባላቸው ግድ የሆነባቸው ሕሙማን በከፍተኛ ፍሰት ከታከሙት መካከል ከመቶ 38፣ በተራ ኦክስጅን ከታከሙት ከመቶ 47፣ በጭንብል ግፊት ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 50 ነበሩ። ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን የጸና አልነበረም። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ግን በከፍተኛ ፍሰት ከታከሙት ዘንድ አንሰው ተገኝተዋል። እንግዲህ ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ተአምር አይደለም።

ወደ ዝግጅቱ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ የሚፈጸመው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። ይኸውም የኦክስጅን ሂሳብ ነው። በደቂቃ የሚወጣውን ኦክስጅን ለማወቅ ከታዘዘው መቶኛ ላይ 21 ይቀነሳል፤ የቀረው ለ79 ይካፈላል፤ ውጤቱም በፍሰቱ ይባዛል። ለምሳሌ ፍሰቱ 40 ሊትር፣ ኦክስጅኑ ከመቶ 60 ቢሆን በደቂቃ ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ኦክስጅን ይወጣል። 40 ሊትር ውኃ የሚይዝ፣ በ150 ባር የተሞላ ሲሊንደር 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለው። ስለዚህ 5 ሰዓት ያህል ብቻ ይቆያል ማለት ነው። ፍሰቱ 60፣ ኦክስጅኑም ከመቶ 100 ቢደረግ ያው ሲሊንደር በ100 ደቂቃ ያልቃል። ሲሊንደሩ ባዶ እስኪሆን መጠበቅም አይቻልም፤ ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ሲወርድ ቬንቲሌተሩ የታዘዘውን መቶኛ መስጠት ይሳነዋል። በደቂቃ 5 ወይም 10 ሊትር የሚያመነጭ ኮንሰንትሬተርም ይህን ፍላጎት ብቻውን ሊያሟላ አይችልም።

ይህ ሂሳብ የአንድ አልጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሕመምተኛ በደቂቃ የሚወጣው 60 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን፣ በተራ ካኑላ 5 ሊትር ለሚወስዱ 12 ሕሙማን ይበቃ ነበር። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ከተያያዙ የአንዱ አልጋ መሣሪያ ሲከፈት የሌላው አልጋ ግፊት ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም ሕክምናውን የሚያዝዘው ሐኪም፣ ኦክስጅኑን የሚቆጣጠረው የባዮሜዲካል ባለሙያና የተረኛዋ ነርስ አስቀድመው መነጋገር ይገባቸዋል። ኮቪድ 19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ የኦክስጅን እጥረት የቱን ያህል እንደሚያስጨንቅ በዚያ ወራት በሥራ ላይ ለነበረ ባለሙያ ማስረዳት አያሻም።

ሂሳቡ ካለቀ በኋላ መሣሪያው ይሰናዳል። ቬንቲሌተሩ ሞዱ ያለው መሆኑ በቅድሚያ ይረጋገጥ። ሞዱ በሌለው መሣሪያ ላይ ካኑላ ቀጥሎ በሌላ ሞድ ለማሠራት መሞከር አደገኛ ነው፤ መሣሪያው በማያባራ የአየር መፍሰስ ይደናገራልና። ቀጥሎ መሣሪያው በተጠባባቂ ሁኔታ ላይ እንዳለ የኦክስጅን መለኪያው ይፈተሻል። ከሕመምተኛው ርቆ በመሣሪያው የአየር መውጫ ላይ የባክቴሪያ ፊልተር ይደረጋል። ከዚያም ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቱቦ ብቻ፣ በማሞቂያ ሽቦው የተሟላ ሆኖ፣ በማርጠቢያው (በሂውሚዲፋየሩ) በኩል ይያያዛል።

በዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ለቱቦ የሚያገለግለውን እርጥበት ያዥ ፊልተር በካኑላው ላይ መተው ነው። ያ ፊልተር የሚሠራው ሕመምተኛው ያስወጣውን እርጥበት ይዞ በመመለስ ነው። እዚህ ግን የሚወጣው ትንፋሽ በፊልተሩ በኩል ስለማያልፍ የሚይዘው ነገር የለም፤ የሚያተርፈው ፍሰቱን ማገድ ብቻ ነው። የማሞቂያው ማርጠቢያ ምትክ የለውም። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በዚህ ፍጥነት ወደ አፍንጫ ቢገባ አክታው ይደርቃል፤ ሕመምተኛውም ካኑላውን ነቅሎ ይጥላል።

ማርጠቢያው ቱቦ ለገባለት ሕመምተኛ በሚያገለግለው የ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መደብ ላይ ይደረጋል፤ ሙቀቱ ለሕመምተኛው ካልተስማማው ወደ 34 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በ37 ዲግሪ በሙሉ የረጠበ አንድ ሊትር አየር 44 ሚሊግራም ውኃ ይይዛል። በደቂቃ 40 ሊትር ሲፈስ ይህ በሰዓት ከ100 ሚሊሊትር በላይ፣ በቀን ደግሞ 2 ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሊትር የያዘ ከረጢት 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ያልቃል፤ ማታ የተሰቀለው ለንጋት አይደርስም። ውኃውም ለሕክምና የተዘጋጀ ንጹሕ የተጣራ ውኃ ይሁን እንጂ የቧንቧ ውኃ ወይም የጨው ግሉኮስ አይሁን። ማርጠቢያው ከሕመምተኛው ራስ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በቱቦው ውስጥ የጠራቀመው ውኃ ወደ ሕመምተኛው አፍንጫ እንዳይወርድ ነው።

የካኑላው ስፋት የአፍንጫውን ቀዳዳ ከግማሽ በላይ መያዝ የለበትም፤ የሚወጣው አየር መውጫ ያስፈልገዋል። ሙቀቱ ከደረሰና ፍሰቱ ከጀመረ በኋላ ካኑላው ይደረግለታል። ለአዋቂ በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር ተጀምሮ እንደ ትዕግሥቱ ወደ 50ና 60 ከፍ ይደረጋል። ለሕፃናት በኪሎ 2 ሊትር የተለመደ መነሻ ነው። የኦክስጅኑ መቶኛ በደም ውስጥ ያለው ሙሌት ከ92 እስከ 96 እንዲሆን ይስተካከላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመከማቸት አደጋ ላለበት የቆየ የሳንባ ሕመምተኛ ግን ከ88 እስከ 92 ይበቃዋል። ሕመምተኛው ሲሻለው በቅድሚያ መቶኛው፣ ቀጥሎ ፍሰቱ ይቀነሳል። ራሱን ለሳተ፣ ትንፋሹ ለደከመ፣ ፊቱ ወይም የራስ ቅሉ ሥር ለተሰበረ ሰው ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚሠራ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን የአየሩ ግፊት በ580 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ በባሕር ወለል 760 ነው። መቶኛው በሁለቱም ቦታ አንድ ቢሆንም ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ ከመቶ 50 ኦክስጅን የሚተነፍስ ሰው የሚያገኘው፣ በባሕር ወለል ከመቶ 37 የሚተነፍስ ሰው ከሚያገኘው ጋር ይመጣጠናል። ከውጭ አገር የመጡ መመሪያዎችን ቁጥር እንዳለ መቅዳት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥበቃው እንመለስ። መሣሪያው ትንፋሽ የማይቆጥር ከሆነ ማን ይቁጠር? ፐልስ ኦክሲሜትር ሳይለይ መታሰሩ ግድ ነው፤ ግን እርሱም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው እየደከመ ሳለ ሙሌቱ ለጊዜው ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የትንፋሹ ቁጥር በሙሉ ደቂቃ በዓይን ይቆጠር፤ የአንገቱና የጎድኑ ጡንቻ ይታይ፤ ንቃቱም ይመዘን። ሙሌቱን፣ የኦክስጅኑን ክፍልፋይና የትንፋሹን ቁጥር በአንድ የሚያጠቃልል ቀላል ስሌት አለ። በ2016ና በ2019 እ.ኤ.አ. በስፔናዊው ሐኪም በኦሪዮል ሮካና በባልደረቦቹ የታተመው የሮክስ መለኪያ ነው። ሙሌቱ በኦክስጅኑ ክፍልፋይ ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ በደቂቃ ትንፋሽ ቁጥር ይካፈላል። 4.88ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመምተኛው ቱቦ ሳያስፈልገው የመዳን ተስፋው የጎላ ነው። በ2ኛው ሰዓት ከ2.85፣ በ6ኛው ከ3.47፣ በ12ኛው ከ3.85 በታች ከሆነ ግን ሕክምናው ሊከሽፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ለምሳሌ አንድ የሳንባ ምች ሕመምተኛ በክፍልፋይ 0.6 ኦክስጅን ሙሌቱ 92፣ ትንፋሹ 30 ቢሆን መለኪያው 5.1 ነው። በ6ኛው ሰዓት ክፍልፋዩ ወደ 0.8 ከፍ ተደርጎ ሙሌቱ 90፣ ትንፋሹ 38 ቢሆን መለኪያው ወደ 3.0 ይወርዳል። ሙሌቱ የወረደው በ2 ብቻ ነው፤ ሙሌቱን ብቻ ያየ ሰው «ያው ነው» ብሎ ያልፋል። ስሌቱን የሠራ ግን ሐኪሙን ይጠራል። መለኪያው በደጋ አገር የተወለደ አይደለምና ቁጥሩን እንደ ፍርድ ሳይሆን እንደ ምስክር መቀበል ይገባል። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ ይናገራል።

የመዘግየት ዋጋ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የኮሪያ ጥናት፣ ከፍተኛ ፍሰት ካልረዳቸው ሕሙማን መካከል ከ48 ሰዓት በፊት ቱቦ የገባላቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሞቱት ከመቶ 39 ሲሆኑ ከ48 ሰዓት በኋላ የገባላቸው ከመቶ 67 ነበሩ። ጥናቱ የአንድ ሆስፒታል መዝገብን ወደ ኋላ የመረመረ ስለሆነ ምክንያቱን በሙሉ አያረጋግጥም፤ ማስጠንቀቂያው ግን ግልጽ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ምን ሲታይ ቱቦ እንደሚገባ ካኑላው በሚደረግበት ሰዓት ተወስኖ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። የሌሊት ተረኛ ያን ውሳኔ አንብቦ ይሠራል እንጂ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ክርክር አይጀምርም። ወደ ቱቦ ወይም ወደ ጭንብል ሲሸጋገር ደግሞ የመውጫው ቱቦ መመለሱና ደወሎቹ እንደገና መከፈታቸው ይረጋገጥ።

በመጨረሻም የመብራት ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የማርጠቢያው ማሞቂያ ብዙውን ጊዜ ከቬንቲሌተሩ ባትሪ ጋር ያልተያያዘ ነው። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው አየሩን ሲቀጥል ማርጠቢያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጄነሬተር እስኪነሣ ድረስ ሕመምተኛው የሚሸጋገርበት ባለ ከረጢት ጭንብልና የተሞላ ሲሊንደር ከሬጉሌተሩ ጋር በአልጋው አጠገብ ይቁም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ መሣሪያው አንድም ደወል ሳያሰማ ሲሠራ፣ ጸጥታው የደኅንነት ምልክት መስሎ ይታያል። በሌላው ሞድ ጸጥታ ምስክር ነው፤ በዚህ ሞድ ግን ጸጥታ ምንም አይናገርም። በዚያች ሰዓት ሕመምተኛውን በሕይወት የሚያቆየው ተነሥታ የሲሊንደሩን ግፊት የምታየው፣ የውኃውን ከረጢት የምትለውጠውና እጅ ሰዓቷን ይዛ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን የምትቆጥረው ነርስ ናት። መሣሪያው አየር ይሰጣል፤ ጥበቃው የእርስዋ ነው።