የሥራ መሪዎች ጠባይና የስብሰባ ሥርዓት



በአንድ ድርጅት የአመራር ጉባኤ የሚቀመጡ ሰዎች ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ሐሳቡን እየተናገረ ያበጃል፤ ሌላው አውጥቶ አውርዶ ሳይጨርስ አፉን አይከፍትም። ችግሩ የጠባዩ መለያየት ሳይሆን፣ ፈጣኑ ተናጋሪ ጉዳዩ ገና ሲነሣ ውሳኔውን ይዞት መሄዱ ነው። የዝምተኛውም ዝምታ እንደ ስምምነት ይቈጠርበታል።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የመሯቸው ሁለት ምክክሮች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። በ1961 እ.ኤ.አ. 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞችን በአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ የማሳረፉን ዕቅድ ያቀረቡት የስለላ ድርጅቱ ሹማምንት አንደበተ ርቱዓን ነበሩ። የታሪክ ሊቁ አርተር ሽሌሲንገር ተቃውሟቸውን ለፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ ገልጸው ሳለ፣ በጉባኤው ላይ ግን ጥቂት ጥያቄ ከማንሣት በቀር ዝም አሉ። ጦሩ በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፈ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ተማረኩ።

በ1962 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሚሳይሎች በኩባ ሲገኙ ግን አካሄዱ ተለወጠ። ኬኔዲ አማካሪዎቻቸው የእርሳቸውን ፊት ሳያዩ እንዲነጋገሩ በአንዳንድ ስብሰባዎች ላይ ሳይገኙ ቀሩ። አማካሪዎቹም በቡድን ተከፍለው ሐሳባቸውን በጽሑፍ አሰፈሩ፤ አንዱ ቡድን የሌላውን ጽሑፍ ተቀብሎ መረመረ። በመጀመሪያ ብዙዎቹ ያዘነበሉለት የአየር ድብደባ ቀርቶ ኩባን በባሕር መክበብ ተመረጠ። ኦክቶበር 27 ቀን የቀድሞው የሞስኮ አምባሳደር ሉዌሊን ቶምሰን በፕሬዚዳንቱ ሐሳብ እንደማይስማሙ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ተሰሙም። (በቱርክ የነበሩት የአሜሪካ ሚሳይሎች እንዲነሡ በምስጢር ቃል መገባቱም አይዘነጋም።)

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የዙፋን ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከዝቅተኛው ዳኛ ተጀምሮ ወደ ላይ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል የመጨረሻው ነበር። ታናሹ የታላቁን ቃል አስቀድሞ ቢሰማ የራሱን ፍርድ ከወዴት ያመጣዋል? በብዙ መሥሪያ ቤት ግን ሥራ አስኪያጁ ሐሳቡን ቀድሞ ተናግሮ «እስቲ አስተያየት ስጡበት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድጋፍ ብቻ ነው።

ተናጋሪውን ማፈን ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ጉባኤው እሳቱን የሚያገኘው ከእርሱ ነውና። የሚበጀው፣ ጉዳዩ ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ለአባላቱ እንዲደርስ፣ አዲሱ ባልደረባ አስቀድሞ እንዲናገር፣ ሰብሳቢውም ሐሳቡን እስከ መጨረሻው እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው።